ከልጆች ጋር በባቡር ከትልቅ ከተማ መውጣት፦ የአንድ ቀንና የሳምንት መጨረሻ ጉዞን ከመመለሻው ጀምሮ ማቀድ

ከትልቅ ከተማ ተነስቶ በባቡር የሚደረግ የቤተሰብ ሽርሽር አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በመመለሻው ሰዓት ነው። ጠዋት ላይ ሁሉም ነቅቷል፣ ስንቁ ሙሉ ነው፣ ልጆቹም ጓጉተዋል፤ ስለዚህ የአሥራ አምስት ደቂቃ መዘግየት ማንንም አያስከፋም። ማታ ግን ያው አሥራ አምስት ደቂቃ እንቅልፍ የጣለውን ሕፃን ታቅፎ፣ የተራበውን ታላቁን እያባበሉ፣ መቀመጫ በሌለው መሳፈሪያ ላይ መቆም ይሆናል። ይህ የሚደርሰው ብዙ ቤተሰቦች «የት እንሂድ?» ብለው እቅዳቸውን ስለሚጀምሩና «በየትኛው ባቡር እንመለስ?» የሚለውን የሚያነሱት ከደረሱ በኋላ ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ የመመለሻው ባቡር ይመረጣል፣ ከዚያ ርቀቱ ይወሰናል፣ መድረሻው የሚመጣው ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ የመመለሻውን ባቡር ይምረጡ

ትንሹ ልጅ ዘወትር የሚተኛበትን ሰዓት ይያዙ፤ ከእሱ ላይ ለእራትና ለመታጠቢያ የሚሆን አንድ ሰዓት፣ እንዲሁም ከከተማው ጣቢያ እስከ ቤት የሚፈጀውን ጊዜ ይቀንሱ። ሕፃኑ ምሽት 2፡30 ላይ የሚተኛ ከሆነና ከጣቢያ እስከ ቤት 35 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ባቡሩ 1 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ከተማው መግባት አለበት ማለት ነው። በጉዞ ሰሌዳው ላይ ከዚህ ሰዓት በፊት የሚገባውን ባቡር ፈልገው ምልክት ያድርጉበት። የጉዞው ምሰሶ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይደረደራል።

ቀጥሎ ከዚያ ባቡር በኋላ ሌላ ባቡር መኖሩን ያረጋግጡ። የመረጡት ባቡር የዕለቱ የመጨረሻ ከሆነ፣ መድረሻው ምንም ያህል ቢያምር ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚሆን የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም የሚል አቋም አለኝ። አንድ ልጅ ጫማው እስኪታሰርለት ወይም መጸዳጃ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ባቡሩ ቢሄድ፣ ሌሊቱን ያልታሰበ ማደሪያ ፍለጋ መዞር ይመጣል። ባቡር በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ የሚመላለስበት መስመር ግን ከዚህ ጭንቀት ነፃ ያወጣል፤ ልጆቹ ጨዋታ ላይ ከሆኑ አንድ ባቡር ማሳለፍ፣ ከደከማቸውም ቀድሞ መነሳት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት መድረሻዎች በውበት ተቀራራቢ ሆነው ከተገኙ፣ ባቡር አዘውትሮ የሚሄድበትን መምረጥ ይሻላል።

ሰሌዳውን ሲያነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው የሰዓት አቆጣጠር ነው። የባቡር ድርጅቶች በአብዛኛው የሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ 14፡05 የሚለው ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ደቂቃ፣ 19፡40 የሚለው ደግሞ ምሽት 1 ሰዓት ከ40 ነው። በተለይ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው፤ «እሑድ 00፡15» የሚል ባቡር የሚነሳው እኛ ቅዳሜ ሌሊት በምንለው ጊዜ ነው፤ እሑድ ማታ የሚሄድ መስሎት ትኬት የቆረጠ ሰው ባቡሩ የሚሄደው አንድ ቀን ቀድሞት ነው። አያቶች ወይም ሌሎች ዘመዶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መላክ ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

ሁለተኛው የቅዳሜና የእሑድ ሰሌዳ ነው። በብዙ አገሮች የሳምንት መጨረሻ ሰሌዳ ከሥራ ቀናቱ የተለየ ሲሆን፣ በሕዝባዊ በዓላት ላይም የእሑዱ ሰሌዳ የሚሠራባቸው መስመሮች ብዙ ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ የሐዲድ ጥገና በአብዛኛው የሚካሄደው ሠራተኛው ሕዝብ በማይጓዝባቸው ቀናት ነው። ለምሳሌ በብሪታንያ በእሑድ ቀናት አንዳንድ መስመሮች ለጥገና ተዘግተው መንገደኞች በአውቶቡስ መጓጓዛቸው የተለመደ ነው። የልጅ ጋሪና ቦርሳ ይዞ ከባቡር ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ መልሶ ወደ ባቡር መውጣትና መውረድ ቀኑን ያደክመዋል፤ ስለዚህ እቅዱ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ በዋዜማው ምሽት ደግሞ ሌላ ጊዜ የዚያን ዕለት ሰሌዳ በቀን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ከቤት ደጃፍ እስከ መድረሻው ደጃፍ ያስሉ

ሰሌዳው «1 ሰዓት ከ10» ሲል የሚናገረው ስለ ባቡሩ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ግን ከቤት ወጥቶ ጣቢያ ለመድረስ 35 ደቂቃ፣ ቀድሞ ለመገኘት 20 ደቂቃ፣ ከወረደ በኋላም ወደሚጎበኘው ቦታ ለመሄድ 20 ደቂቃ ቢፈልግ፣ የአንድ ወገን ጉዞው 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል፤ ደርሶ መልሱ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወጥቶ ምሽት 1 ሰዓት ለሚመለስ ቤተሰብ ከ11 ሰዓት ውስጥ የሚተርፈው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ምሳና የትንሹ ልጅ እንቅልፍም የሚወጡት ከዚሁ ላይ ነው።

እኔ የምከተለው መለኪያ ሁለት ነው። በመድረሻው የሚቆዩበት ጊዜ በመንገድ ከሚያልፈው ጊዜ መብለጥ አለበት፤ ካልበለጠ ጉዞው የአንድ ቀን ሳይሆን የሳምንት መጨረሻ ነው። በተጨማሪም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ በባቡሩ ላይ የሚያልፈው ጊዜ በአንድ ወገን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ከፍ ላሉት ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ መለኪያ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጀው ከማድሪድ ወደ ቶሌዶ የሚደረግ ጉዞ፣ ወይም አንድ ሰዓት ገደማ የሚወስዱት ከቶኪዮ ወደ ካማኩራ እና ከለንደን ወደ ብራይተን የሚደረጉት ለአንድ ቀን የተመቹ ናቸው። ከካይሮ ወደ እስክንድርያ ግን በፈጣኑ ባቡርም ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ፣ ሕፃን ላለው ሰው አንድ ሌሊት ማደር የሚገባበት መንገድ ነው።

አጭር ርቀት መጓዝ ነውር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የተደራጀ የባቡር ሽርሽር አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን በእንግሊዝ ከሌስተር ወደ ላፍብራ ይዞ የሄደው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ተጓዦቹ የአልኮል መጠጥን የሚቃወም ስብሰባ ላይ ተገኝተው በዚያው ቀን ተመልሰዋል።

ባቡር መቀየር የሚጠይቁ መስመሮችን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ቅያሬ እንደ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ቢታሰብ ከእውነቱ አይርቅም። አንድ ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ መቀየር የሚጠይቅ የአንድ ቀን ጉዞ ግን ቀጥታ ባቡር ላለው ሌላ ቦታ ቦታውን ቢለቅ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ መድረሻውን በጣቢያው አቀማመጥ ይመዝኑ

በመኪና የሚጓዝ ቤተሰብ የሚጎበኘው ቦታ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል፤ በባቡር የሚጓዝ ግን ጣቢያው ላይ ይወርዳል፣ ቀሪውም መንገድ በልጅ እግር የሚለካ ነው። ስለዚህ ካርታ ከፍተው ከጣቢያው በር እስከ መጀመሪያው መዳረሻ ያለውን መንገድ በዓይንዎ ይሂዱበት፤ ርቀቱ ስንት ነው? ዳገት ነው ቁልቁለት? የእግረኛ መንገድ አለው? ደረጃ ይበዛዋል?

ብራይተን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ከጣቢያው የሚወጣው መንገድ ቁልቁል በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይወስዳል። ከኒው ዮርክ በሃድሰን መስመር የሚኬድባት ኮልድ ስፕሪንግ የምትባለው ትንሽ ከተማም እንዲሁ ከጣቢያው በእግር የምትዳረስ ናት። ቶሌዶ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1919 የተሠራ ውብ ጣቢያ ቢኖራትም፣ ጥንታዊው ከተማ ያለው ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ልጅ ያለው ሰው አውቶቡስ ወይም ታክሲ አስቦ መሄድ አለበት። አዳዲስ የባቡር መስመሮች ደግሞ ጣቢያዎቻቸው ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብለው ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የናይሮቢ–ሞምባሳ መስመር በሁለቱም ጫፍ ጣቢያዎቹ ከመሐል ከተማ የራቁ ናቸው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ከጣቢያ መውጫው መጓጓዣ ቀድሞ ካልታሰበ፣ በባቡሩ ያተረፉት ጊዜ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል።

የጣቢያ ስም መመሳሰልም ያሳስታል። ከፓሪስ ወደ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት የሚሄዱ ቤተሰቦች በቬርሳይ ከተማ ውስጥ ቬርሳይ የሚል ስም የያዙ ከአንድ በላይ ጣቢያዎች መኖራቸውን ሳያውቁ ይሳፈራሉ፤ ለቤተ መንግሥቱ በጣም የሚቀርበው አርኢአር ሲ በሚባለው የፓሪስና የአካባቢዋ የባቡር መስመር የሚደረስበት «ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ» ነው። በዚያው ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፤ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ደግሞ ማክሰኞ አይከፈትም። ረጅም የሳምንት መጨረሻ ያገኘ ቤተሰብ ሰኞን ጨምሮ ሲያቅድ ይህንን ቢረሳ በተዘጋ በር ፊት ይቆማል። የመዝጊያ ቀናትንና የመግቢያ ሰዓትን መድረሻው ሲመረጥ መመልከት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ የጉዞ ዓይነት አለ፤ በአንድ ጣቢያ ወርዶ በእግር ተጉዞ በሌላ ጣቢያ መሳፈር። መኪና ያቆመ ሰው ወደ መኪናው መመለስ ስላለበት ይህን ማድረግ ይቸግረዋል፤ የባቡር ተጓዥ ግን ወደኋላ የሚጎትተው ነገር የለም። ከቪየና ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚደረስበት የዜመሪንግ የተራራ ባቡር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተና ከ1998 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ሐዲዱን ተከትሎ የሚሄድ የእግር መንገድም አለው። ከላይ ካለው ጣቢያ ጀምሮ ቁልቁል ወደሚቀጥለው ጣቢያ የሚሄዱ ልጆች የድንጋይ ድልድዮቹንና በላያቸው የሚያልፉትን ባቡሮች እያዩ ይጓዛሉ፤ ሲደክማቸውም በመጀመሪያ በሚያገኙት ጣቢያ መሳፈር ይችላሉ። በሚኖሩበት ከተማ ዙሪያ ሁለት ተከታታይ ጣቢያዎች ከአምስት ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ካሉና በመካከላቸው የእግር መንገድ ካለ፣ ተመሳሳይ ጉዞ ማዘጋጀት ይቻላል። በሁለተኛው ጣቢያ ባቡሩ በእርግጥ የሚቆም መሆኑን ግን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው፤ ፈጣኑ ባቡር በትንንሽ ጣቢያዎች ሳይቆም ያልፋል።

ደረጃ 4፦ ትኬቱን በልጆቹ ዕድሜና በባቡሩ ዓይነት ይግዙ

የልጅ ዋጋ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ ከ5 ዓመት በታች ያሉ በነፃ፣ ከ5 እስከ 15 ያሉት በግማሽ ዋጋ ይጓዛሉ። በጃፓን ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉት ለአንድ ከፋይ ተጓዥ እስከ ሁለት ድረስ በነፃ ናቸው፣ የራሳቸው የተያዘ መቀመጫ ከተፈለገላቸው ግን የልጅ ዋጋ ይከፈላል። አምትራክ በሚባለው የአሜሪካ የባቡር ድርጅት ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት በግማሽ ዋጋ፣ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭን ላይ ሆኖ በነፃ ይሄዳል። በስዊዘርላንድ ደግሞ ከ6 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ዓመቱን ሙሉ በአንድ ካርድ መጓዝ ይችላሉ። ከእነዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ አንድ ዓመት የዕድሜ ልዩነት ዋጋውን ሊቀይረው ስለሚችል ደንቡን ሳያነቡ ለሁሉም ሙሉ ትኬት አለመግዛት ነው፤ የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ማስረጃ በስልክም ቢሆን ይዞ መሄድም ከትኬት ተቆጣጣሪ ጋር ከመከራከር ያድናል።

ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ በአንድ የተወሰነ ባቡር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ያ ባቡር ካመለጠ ትኬቱም አብሮ ያልቃል። ውዱ ትኬት በዚያ ቀን በየትኛውም ባቡር ያሳፍራል። ለቤተሰብ የሚስማማው ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ጠዋት የሚነሱበት ሰዓት በእጅዎ ስላለ የመሄጃው ትኬት የታሰረ ቢሆን አይጎዳም፣ የመመለሻው ግን በየትኛውም ባቡር የሚሠራ ይሁን። በአንዳንድ መስመሮች የደርሶ መልስ ትኬት ከሁለት ነጠላ ትኬቶች እጅግ ስለሚረክስ፣ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም መንገድ አስልተው ያወዳድሩ። ባቡር የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ መንገዱን በሙሉ በአንድ ትኬት መግዛት ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ለየብቻ ትኬት የገዛ ሰው ሁለተኛውን እንደ አዲስ ሊከፍል ይችላል።

ትኬቱ የሚሠራበትን የባቡር ዓይነት ማየትም አይዘንጋ። በጀርመን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ዶይችላንድ ቲኬት» አገሪቱን ሙሉ ቢያዳርስም በከተማና በክልል ባቡሮች ላይ እንጂ በፈጣኖቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ አይሠራም። ሁለቱ ባቡሮች ከአንድ ጣቢያ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ፣ በተሳሳተው መሳፈር ቀላል ነው።

ደረጃ 5፦ ፉርጎና መቀመጫ

መቀመጫ ማስያዝ በሚቻልበት ባቡር፣ ለአራት ሰው ፊት ለፊት የሚያቀማምጠውና መሐሉ ጠረጴዛ ያለው ቦታ ለቤተሰብ ተወዳዳሪ የለውም። መጸዳጃ ቤቱ በዚያው ፉርጎ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሩ አጠገብ መቀመጥ ግን የሚወጣውና የሚገባው ሰው ስለማያስተኛ አይመከርም። ጸጥታ የሚጠበቅባቸውን ፉርጎዎች ያስወግዱ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ «ዝም በል» እየተባለ የሚሄድ ልጅም ወላጅም ጉዞውን አይወደውም። በፊንላንድ ከከተማ ወደ ከተማ በሚሄዱ ባቡሮችና በስዊዘርላንድ ባለ ሁለት ፎቅ ባቡሮች ላይ የልጆች መጫወቻ ያለው የቤተሰብ ፉርጎ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር በመስመርዎ ካለ ቀድሞ ስለሚያልቅ በጊዜ ይያዙ።

የትኛው ወገን ማየት እንደሚያምርም በካርታ ይታወቃል። ከኒው ዮርክ ወደ ሰሜን በሃድሰን መስመር የሚሄድ ሰው በግራ በኩል ከተቀመጠ የሃድሰን ወንዝ አብሮት ይጓዛል፤ በቀኝ የተቀመጠው ግን የሌሎችን ትከሻ አሻግሮ ያያል።

አንዳንድ ባቡሮች መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍለው የፊተኛው ክፍል ወደ አንድ ከተማ፣ የኋለኛው ወደ ሌላ ይሄዳሉ። መሳፈሪያቸው አጭር በሆኑ ትንንሽ ጣቢያዎችም የሚከፈተው የጥቂት ፉርጎዎች በር ብቻ ይሆናል። በመሳፈሪያው ሰሌዳ ላይ «የፊት አራት ፉርጎዎች» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ካዩ ሳይሳፈሩ ቦታዎን ያስተካክሉ፤ ከገቡ በኋላ ጋሪና ሁለት ልጅ ይዞ በጠባብ መተላለፊያ አምስት ፉርጎ ማቋረጥ አይቻልም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደረጃ 6፦ ዕቃውን በእጅ ብዛት ይወስኑ

ደንቡ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ አዋቂ ሁሉንም ዕቃ ተሸክሞ አንድ እጁ ባዶ መቅረት አለበት። ያ እጅ የልጅ እጅ መያዣ ነው። ይህ ማለት ሻንጣ ሳይሆን የጀርባ ቦርሳ፣ ትልቅ ጋሪ ሳይሆን በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላል ጋሪ ማለት ነው። በጣቢያው ሊፍት መኖሩን አስቀድመው ቢያረጋግጡም፣ ሊፍት ተበላሽቶ ሊገኝ ስለሚችል ጋሪውን አጥፎ ደረጃ መውጣት መቻልዎን ቤት ውስጥ ሞክረው ይሂዱ።

ስንቁ የማይፈርፈር፣ የማያንጠባጥብና ጎረቤትን በሽታው የማያስቸግር ይሁን፤ ለመመለሻው የሚሆነው ድርሻ በተለየ ከረጢት ታስሮ ጠዋት እንዳይነካ ይደረግ። ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የቆሸሸው የሚገባበት ፌስታል፣ ውኃ፣ የስልክ ባትሪ መሙያና በልጁ ዘንድ የሚወደድ አንድ መጫወቻ ከበቂ በላይ ናቸው።

ደረጃ 7፦ በመሳፈሪያው ላይ

ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። የቦርሳ ፍተሻ ባለባቸው መስመሮች፣ ለምሳሌ በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ፣ እንዲሁም ትኬቱ በተሳፋሪው ስም ተይዞ መታወቂያ በሚታይባቸው የቻይና ባቡሮች ላይ፣ በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ስለሚዘጋ ከዚያም ማስቀደም ይገባል። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ ወደ መሳፈሪያው ይሂዱ።

መሳፈሪያው ላይ ጋሪውን ወደ ሐዲዱ ፊቱን አዙሮ ማቆም አደገኛ ነው፤ ብዙ መሳፈሪያዎች ውኃ እንዲፈስባቸው በትንሹ ዘመም ተደርገው ይሠራሉ፣ የሚያልፈው ባቡርም ነፋስ ይዞ ይመጣል። ጋሪው ከሐዲዱ ጋር ጎን ለጎን ይቁም፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ የሕፃኑ ቀበቶ ይታሰር። መጫወቻም ይሁን ስልክ ሐዲድ ላይ ከወደቀ ማንም አይወርድም፤ የጣቢያው ሠራተኛ ይጠራል። ይህን ለልጆቹ ቤት ውስጥ መንገር ይሻላል፤ ኳሱ ከወደቀ በኋላ የሚነገር ምክር ሰሚ የለውም።

ባቡሩ ሲቆም ሥራው ይከፈላል። አንደኛው አዋቂ ባዶ እጁን ቀድሞ ይገባና ከውስጥ ይቀበላል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ በመሳፈሪያውና በባቡሩ መካከል ያለውን ክፍተት እየተሻገሩ ይገባሉ፤ ቀጥሎ ጋሪው የፊት ጎማው ተነስቶ ይገባል፤ ሁለተኛው አዋቂ ዙሪያውን ቃኝቶ ምንም አለመቅረቱን አይቶ በመጨረሻ ይሳፈራል። ሲወርዱም ያው ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የሚወርደው አዋቂ ነው፣ ልጅ በመካከል። ከልጆቹ ጋር ያለው አንድ አዋቂ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ መንገደኛን «ይህን ጋሪ ያግዙኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ልጁን ግን ለማያውቁት ሰው አይስጡ፣ ጋሪውን ይስጡ።

ባቡር ለመቀየር ስድስት ደቂቃ ብቻ ያለበትን ሁኔታ እንመልከት። ባቡሩ ቆሞ በሩ እስኪከፈትና ሰው እስኪወርድ አንድ ደቂቃ ይሄዳል። ጋሪውን ዘርግቶ ሕፃኑን ለማስቀመጥ ሌላ አንድ ደቂቃ ያስፈልጋል። ሰሌዳ ፈልጎ የመሳፈሪያውን ቁጥር ማየት፣ ከዚያም ሊፍት መጠበቅ፣ በሊፍቱም ፊት ሌሎች ሁለት ጋሪዎች ተሰልፈው ማግኘት ይከተላል። በዚህ መካከል አንደኛው ልጅ ሽንቴ መጣ ይላል። መተግበሪያው «ይደርሳሉ» የሚለው ብቻውን ለሚሮጥ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ ከ20 ደቂቃ ያላነሰ የመቀየሪያ ጊዜ ይፈልጉ።

ልጅ ቢጠፋ ወይም በሩ በመካከል ቢዘጋ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መነገር አለበት። ልጁ ባቡሩ ውስጥ ከቀረ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ እዚያው መሳፈሪያ ላይ ይቆማል፣ ወላጁም በተከታዩ ባቡር ይመጣል፤ ልጁ መሳፈሪያው ላይ ከቀረ ካለበት አይንቀሳቀስም፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ብቻ ያናግራል። የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በልጁ ኪስ ወይም በእጅ አምባር መልክ ይቀመጥ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ልጆቹን በዕለቱ ልብሳቸው ፎቶ ማንሳትም ቢያስፈልግ ለፍለጋ ይጠቅማል።

ደረጃ 8፦ ማደር የሚኖርበት ጉዞ

የሳምንት መጨረሻ ጉዞ ትልቁ ፈተና የዓርብ ማታ ፈተና ነው። ሥራ ውሎ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ሰብስቦ፣ ከከተማው ሕዝብ ጋር በተጨናነቀ ባቡር መጓዝ አንድ ሌሊት ያተርፋል፤ ግን የሚያተርፈው ሌሊት በድካም የተሞላ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ቅዳሜ በማለዳ መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከፍ ያለው የሕዝብ ብዛት ወደ ከተማው የሚመለሰው ስለሆነም፣ እሑድን ከምሳ በኋላ ወዲያው መመለስ፣ ወይም ከተቻለ መቀመጫ ማስያዝ ይገባል።

ማደሪያው ከጣቢያው በእግር ከ10 ደቂቃ ባይርቅ ይመረጣል። ከጣቢያ ርቆ ርካሽ የሆነ አልጋ ለመኪና ባለቤት እንጂ ለባቡር ተጓዥ ርካሽ አይደለም፤ ልዩነቱን ታክሲው ይወስደዋል። ከሐዲዱ በተቃራኒው ያለውን ክፍል መጠየቅም አይዘንጋ። የማደሪያ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ከሰዓት በኋላ በመሆኑ፣ ጠዋት የደረሰ ቤተሰብ ቦርሳውን የሚያስቀምጥበት ያስፈልገዋል፤ ማደሪያው ቀድሞ ይቀበል እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ፣ ካልተቀበለም በጣቢያው የዕቃ ማስቀመጫ መኖሩን ይመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ባቡሩ ሲዘገይ ወይም ሲቀር

ባቡሩ መሰረዙ ሲነገር ሕዝቡ ሁሉ ወደ መረጃ መስኮቱ ይሮጣል። አንዱ አዋቂ ሰልፉን ይያዝ፣ ሌላው ልጆቹን ይዞ ሙቀትና መቀመጫ ያለበት ቦታ ፈልጎ በስልክ ተለዋጩን መንገድ ይመልከት። ለመመለሻው የታሰረው ከረጢት የሚከፈተው በዚህ ጊዜ ነው።

መብትዎንም ይወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ባቡሩ መድረሻው ላይ 60 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ፣ ተጓዡ ገንዘቡን መልሶ መቀበል ወይም በሌላ መንገድ መጓዝ መምረጥ ይችላል። ተጉዞ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ዘግይቶ ከደረሰ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው፤ መዘግየቱ ከድርጅቱ ቁጥጥር ውጪ በሆነ ከባድ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ካሳው ላይከፈል ይችላል። በሌሎች አገሮች ደንቡ የተለየ ቢሆንም ጥያቄው የሚቀርበው በትኬቱ ነው፤ ስለዚህ ቤት እስኪደርሱ የወረቀቱን ትኬት አይጣሉ፣ የስልኩን አያጥፉ፣ የዘገየበትን ሰዓት የሚያሳየውንም የጣቢያ ሰሌዳ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።